ለባለ ሁለት ጎራዴው የወንድሜ ልጅ

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ካራክተርህ ሁለት ጎራዴ ይዞ በአንድ ተራ ስንቴ እንደሚመታ ጠይቀኸኛል። አንዱ ጓደኛህ ሁለት ይላል፣ ሌላው አራት። ለእረፍት ስትመጣ ትተህልኝ የሄድከውን የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ እንደ ዳዊት ስደግመው ነው የከረምኩትና ስማኝ።

1. መጀመሪያ የምትከራከሩት በየትኛው እትም እንደሆነ ተጠያየቁ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ካወጡት ወዲህ ይህ ሕግ ደጋግሞ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም፣ ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ሁለት መሣሪያ ከያዘ ከቀኙ ዳይስ 6፣ ከግራው 10 ይቀነስበት ነበር። ግራ እጁ ያው ለጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው እትም ያ ቅጣት የለም፤ በሌላ መንገድ ያስከፍላል።

2. የ2014ቱ ክፍያ ጊዜ ነው። በተራህ ጥቃት መርጠህ በአንድ እጅህ ከቀላሎቹ ምድብ በሆነ መሣሪያ ከመታህ፣ በሌላው እጅህ በያዝከው ቀላል መሣሪያ አንዴ ትጨምራለህ፤ ለዚህ ግን ቦነስ አክሽን የሚባለው ተጨማሪ እርምጃህ ይሄዳል። ቦነስ አክሽን በተራ አንድ ብቻ ነው። ጩቤ፣ ማጭድና አጭር ጎራዴ ቀላል ናቸው፤ ረጅም ጎራዴ አይደለም። አምስተኛ ደረጃ ደርሰህ በአንድ ጥቃት ሁለቴ መምታት ብትጀምርም የግራው ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሦስት እንጂ አራት አይሞላም። አራት ያለውን ጓደኛህን እዚህ ላይ ረትተኸዋል።

3. ሁለተኛው ክፍያ ጉዳት ላይ ነው። ቅልጥፍናህ 3 የሚጨምርልህ ከሆነ ቀኙ ባለ ስድስቱ ዳይስ ሲደመር 3 ይሆናል፤ ግራው ዳይሱ ብቻ። በአማካይ 6.5 እና 3.5 ማለት ነው። ለሁለት መሣሪያ የተሰጠውን የውጊያ ስልት የመረጠ ተዋጊ ለግራውም 3ቱን ይደምራል። ስልቱን ሳይመርጥ የሚደምር ካለ ዝም አትበለው።

4. አሁን ወደ እኛ አገር ልመልስህ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ አባቶቻችን በፈረስ የዘመቱበትን አድዋን ያስባል። ጉግስ ሲጫወቱ የጋላቢውን ግራ እጅ አይተህ ታውቃለህ? ልጓሙም ጋሻውም እዚያ ነው። ቀኙ ዘንጉን ይይዛል። አሳዳጁ ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ከዚያ ፈረሱ ይዞራል፣ አሳዳጅ የነበረው ይሸሻል። በሁለቱም እጁ ዘንግ የያዘ ሰው ተራው ሲገለበጥ ጀርባውን በምን ሊሸፍን ነው?

መጽሐፉም ይህን ጥያቄ ይጠይቅሃል። ጋሻ በመከላከያ ቁጥርህ ላይ 2 ይጨምራል፤ ባለ ሃያው ዳይስ ላይ ሁለት ፊት ማለት ነው። ባይኖርህ ከሚያገኙህ ምቶች፣ ከ20 ውርወራ ሁለቱን ያህል ያስቀርልሃል። ከፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበል ካራክተር ከሆነ በእኔ ፍርድ ጋሻውን ይያዝ። ሁለት ጎራዴ ሲያዩት ያምራል፣ አልክድም። ሾተል ይሁንልኝ ካልክም ከጨዋታው መሪ ጋር ተስማማና የቆልማማውን ጎራዴ ሕግ ስጠው፤ እሱም ከቀላሎቹ ነው።

5. ሁለት መሣሪያ በእውነት የሚጠቅመው ሮግ የሚባለውን የካራክተር ዓይነት ነው። የሮግ ድብቅ ጥቃት በተራ አንዴ ብቻ ይሠራል፤ የቀኙ ከሳተ ግራው ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። ነገር ግን ሮግ መትቶ የሚሸሽበትም፣ የሚደበቅበትም ያው ቦነስ አክሽን ነው። ወይ ይመታል ወይ ይሸሻል። ሬንጀርም እንዲሁ፤ ዒላማውን በአስማት ምልክት ባደረገበት ተራ ግራ እጁ ያርፋል።

6. የ2024ቱ እትም ይህን ቋጠሮ በከፊል ፈታው። ኒክ የሚባል የመሣሪያ ክህሎት አመጣ፤ ጩቤ፣ ማጭድ፣ ቀላል መዶሻና ቆልማማ ጎራዴ አላቸው። ክህሎቱን ያወቀ ሰው የግራውን ምት ከዋናው ጥቃት ጋር ይፈጽመዋል፤ ቦነስ አክሽኑ ይተርፈዋል። በተራ አንዴ ብቻ መሆኑን አትርሳ። አጭር ጎራዴ ኒክ የለውም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አጫጭር ጎራዴዎችህ አንዱን በጩቤ ብትለውጠው ይሻልሃል።

7. በ2014ቱ ሕግ ሁለቱን መሣሪያ ባንድ ጊዜ መምዘዝ ያለ ልዩ ችሎታ አይቻልም። አንዱን ጠብ ሳይነሳ ምዘዘው።

8. የ2014ቱንና የ2024ቱን እትም አንድ ጠረጴዛ ላይ አትቀላቅሉ፤ ካራክተር ከመፍጠራችሁ በፊት ቁረጡ። መሐል ላይ ክርክር ከተነሳ የሚመራው ልጅ ለዕለቱ ይፍረድ፣ መጽሐፉ ማታ ይገለጥ። አንተም የቀኙንና የግራውን ስሌት ለየብቻ ወረቀትህ ላይ ጻፍ፣ ከግራው አጠገብ የምትከፍልበትን ጨምር። ከዚያ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ድምሩን አይቼ እመልስልሃለሁ።