ከሳሽ ለተከሳሽ ካሳ ሲከፍል፦ ስለ መድኃኒት ፓተንት ዕርቅ ለውይይት የቀረበ ጽሑፍ



በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ተጣልተው በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ የሚሆነው የታወቀ ነው። በዳይ ይለያል፤ ተበዳይ ይካሳል፤ ሁለቱም ይቅር ተባብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። «ንብረቴን ሊነጥቀኝ ነው» ብሎ የከሰሰው ወገን ራሱ ገንዘብ ቆጥሮ ለተከሳሹ ከፈለ ቢባል ግን ነገሩን ሳያጣራ የሚያልፍ የአገር ሽማግሌ አይገኝም። በመድኃኒት ንግድ ዓለም እንዲህ ያለው ዕርቅ በተደጋጋሚ ተፈጽሟል። ከሳሹ የመድኃኒቱ ፓተንት ባለቤት የሆነ ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ተከሳሹ ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ሠርቶ ለመሸጥ የተነሣ ሌላ ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ከከሳሽ ወደ ተከሳሽ ነው። ለምን? ሒሳቡንስ በመጨረሻ የሚከፍለው ማነው?

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እዚህ ዶሃ፣ በሱቅ ዋቂፍ ሻይ ቤት እየተሰበሰብን ለምናደርገው ውይይት መነሻ እንዲሆን ነው። ከሕክምና ውጭ የሚማሩ ጓደኞቻችንም እንዲከታተሉት ቃላቱን በተቻለ መጠን ለማብራራት ተሞክሯል። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፓተንት ማለት አንድ አዲስ ነገር የፈለሰፈ ወገን የፈጠራውን ምሥጢር ለሕዝብ ሲገልጽ፣ መንግሥት በምላሹ ሌላው ሰው ያንን ነገር እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የመከልከል መብት ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥበት ሰነድ ነው። ጊዜው በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልቅ፣ ወይም ፓተንቱ መጀመሪያውኑ ሊሰጥ የማይገባው ነበር ተብሎ ሲሰረዝ፣ ያንኑ ፍቱን ንጥረ ነገር በያዘ መልኩ ሌሎች የሚያመርቱት መድኃኒት ጄኔሪክ ይባላል። ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ፓተንት ስለተሰጠ ብቻ የጸና ነው ማለት እንዳልሆነ ነው። ኩባንያዎች በዋናው ንጥረ ነገር ላይ ያላቸው ፓተንት ሲያረጅ በእንክብሉ ሽፋን፣ በአወሳሰዱ፣ በቅባቱ አቀማመም ላይ አዲስ ፓተንት ይጨምራሉ። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ከሚወድቁት ውስጥ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

አሜሪካ በ1984 ባወጣችው ሕግ ለጄኔሪክ አምራቾች አንድ በር ከፈተች። ጄኔሪክ አምራቹ ማመልከቻውን ሲያስገባ «ይህ ፓተንት የጸና አይደለም፣ ወይም እኔ የምሠራው አይነካውም» ብሎ ሊገልጽ ይችላል። ባለ ፓተንቱ በ45 ቀን ውስጥ ከከሰሰው የጄኔሪኩ ፈቃድ በመሠረቱ እስከ 30 ወር ይታገዳል። ደፍሮ መጀመሪያ ላመለከተው ጄኔሪክ አምራች ደግሞ ሌላ ጄኔሪክ ሳይገባበት ለ180 ቀን ብቻውን የመሸጥ ዕድል ይሰጠዋል። የሕጉ አሳብ ደካማ ፓተንቶችን የሚፈትን ተሟጋች እንዲገኝ ነበር። ነገር ግን ተሟጋቹ አንድ ብቻ ከሆነና እርሱም ዝም እንዲል ከተደረገ፣ ከኋላው ያሉትም ተራ ጠባቂዎች ሆነው ይቀራሉ።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። በሱቅ ዋቂፍ የቅመም መደዳ ሄል የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ብቻ አለ እንበል። በወር 100 ሪያል ያተርፋል። ጎረቤቱ ያንኑ ሄል በርካሽ ሊሸጥ ሱቅ ከፈተ። ሁለቱ ቢፎካከሩ ዋጋው ወርዶ እያንዳንዳቸው 20 ሪያል ያተርፋሉ፤ የቀረው 60 ሪያል በገዢው ኪስ ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ነጋዴ ለጎረቤቱ በወር 30 ሪያል እየከፈለ ሱቁን እንዲዘጋ ቢያደርገው ለራሱ 70 ይቀረዋል፤ ጎረቤቱም ሳይሸጥ ከ20 ይልቅ 30 ያገኛል። ሁለቱም ተጠቀሙ። (ዋቂፍ በዐረብኛ የቆመ ማለት ነው፤ የጎረቤትየው ሥራ በእርግጥም ቆሞ መዋል ብቻ ይሆናል።) የጠፋው 60 ሪያል የማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። እዚህ ገበያ ገዢው ዋጋ ተከራክሮ ካልተስማማው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የመድኃኒት ገዢ ግን በሽተኛ ነው፤ መድኃኒቱን የሚመርጥለትም ሐኪሙ ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። አንድሮጄል የሚባለው መድኃኒት በቆዳ ላይ የሚቀባ የቴስቶስተሮን ቅባት ነው። ቴስቶስተሮን ራሱ በ1935 በቤተ ሙከራ የተሠራ አሮጌ ነገር ነው። ሶልቬይ የተባለው ኩባንያ በ2003 ያገኘው ፓተንት በቅባቱ አቀማመም ላይ ነበር። በዚያው ዓመት አክታቪስ፣ ቀጥሎም ፓዶክ ጄኔሪክ ለመሥራት አመለከቱ፤ ሶልቬይ ከሰሳቸው፤ ፓር የተባለው ሦስተኛ ኩባንያም ከፓዶክ ጎን ተሰለፈ። በ2006 ታረቁ። አክታቪስ እስከ ነሐሴ 31 ቀን 2015 ገበያ ላለመግባት ተስማማ። ሶልቬይ ለፓዶክ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ዶላር፣ ለፓር 60 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአክታቪስ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ ከ19 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የተገመተ ገንዘብ ለመክፈል ቃል ገባ። ኩባንያዎቹ «ገንዘቡ የተከፈለው ጄኔሪክ አምራቾቹ አንድሮጄልን ለሐኪሞች ስለሚያስተዋውቁልንና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ነው» አሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አገልግሎቱ ያን ያህል ዋጋ የለውም፣ ገንዘቡ የተከፈለው ለመዘግየቱ ነው ብሎ ከሰሰ።

የኩባንያዎቹ መከራከሪያ እንዲያው የሚናቅ አልነበረም። ጄኔሪኩ የሚገባው ፓተንቱ ከሚያልቅበት 65 ወር ቀድሞ ነው፤ ፓተንቱ እስካለ ድረስ ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ቀን መከልከል ይችል ነበርና ሕዝቡ የተጠቀመ እንጂ የተጎዳ አይደለም የሚል ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶችም ተቀበሉት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 17 ቀን 2013 በአምስት ድምፅ ለሦስት ይህን አስተሳሰብ አልተቀበለም። ዳኛ ብሬየር በጻፉት ፍርድ መሠረት፣ ፓተንቱ የጸና መሆኑ ራሱ ክርክር ላይ እያለ እንደጸና ቆጥሮ መነሣት አይቻልም፤ ምክንያቱ ያልተገለጸ ትልቅ ክፍያም ከፋዩ በፓተንቱ ጥንካሬ እንደማይተማመን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት የፍርዱ ፍሬ ነገር ይኸኛው ነው። ፍርዱ ግን ዕርቁን ሁሉ ሕገ ወጥ አላለም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይመዘን ብሎ ተወው። የንግድ ኮሚሽኑ በ2010 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለው ዕርቅ የአሜሪካን ሸማች በዓመት 3.5 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣዋል ብሎ ገምቶ ነበር። አውሮፓም ዝም አላለም፤ ሉንድቤክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ሲታሎፕራም በተባለው የድባቴ መድኃኒት ላይ ባደረገው ተመሳሳይ ስምምነት በ2013 የ93.8 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጣለበት፤ በ2021 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው።

ገንዘብ በይፋ መቁጠር ሲያስጠይቅ ክፍያው ልብሱን ለወጠ። ላሞትሪጂን በተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ክርክር ባለ ፓተንቱ ለጄኔሪክ አምራቹ የሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ተስፋ ነበር፤ «እኔ ራሴ በርካሽ ስም ጄኔሪክ አውጥቼ አልሻማህም» የሚል። በ2015 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህም እንደ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል አለ። በሑሚራ ጉዳይ ደግሞ ፓተንቶቹ ከ100 በላይ ነበሩ። አምራቹ አቢቪ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ሲታረቅ በአውሮፓ በጥቅምት 2018፣ በአሜሪካ ግን ከጥር 2023 ጀምሮ እንዲገቡ ተስማማ። የአሜሪካ ገዢዎች ቢከሱም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2022 አልተቀበላቸውም። አንድ መድኃኒት፣ አንድ አምራች፣ ግን ከአራት ዓመት በላይ ልዩነት!

«ይህ ሁሉ የአሜሪካና የአውሮፓ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ በውይይታችን ላይ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፓተንት የአገር ድንበር አለውና፤ ኒውዮርክ ላይ የተፈረመ ዕርቅ ጎንደር ወይም ደሴ ላይ መድኃኒት አይከለክልም። ነገር ግን የማይሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ የሚወሰንባቸው በሽተኞች ነገር አፍሪካንም ደርሶባታል፤ መውጫውም የታየው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው።

በየካቲት 1998 ወደ 40 የሚጠጉ የመድኃኒት ኩባንያዎችና ማኅበራቸው የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከሰሱ፤ ምክንያቱም በ1997 የወጣው ሕግ ርካሽ መድኃኒት ከውጭ ለማስገባት ስለሚፈቅድ ነበር። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ሦስቱን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በዓመት በ350 ዶላር እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ያን ጊዜ በሀብታም አገሮች ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ዓለም በኩባንያዎቹ ላይ ሲነሣባቸው በሚያዝያ 2001 ክሱን አነሡ።

ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በመስከረም 2002 ሄዝል ታው የተባለች ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ሴት፣ ከሌሎች በሽተኞች፣ ከጤና ሠራተኞችና ከማኅበራት ጋር ሆና፣ ግላክሶ ስሚዝክላይንንና ቦሪንገር ኢንግልሃይምን ለአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ከሰሰች። የክሱ ቃል «ፓተንቱ ይሰረዝ» የሚል ሳይሆን «ዋጋው ከመጠን ያለፈ ነው፤ ሰው እየሞተ ነው» የሚል ነበር። በጥቅምት 2003 ኮሚሽኑ ኩባንያዎቹ የገበያ የበላይነታቸውን ያላግባብ ተጠቅመዋል አለ፤ በታኅሣሥም ታረቁ። በዕርቁ መሠረት ለጄኔሪክ አምራቾች ፈቃድ ተሰጠ፤ ለባለ ፓተንቱ የሚከፈለው ድርሻ ከሽያጩ 5 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ፤ የግላክሶ ፈቃድ ደግሞ መድኃኒቱን ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች መላክንም ጨመረ። ይህም ዕርቅ ነው፤ እዚህም የፓተንቱ ባለቤት ፓተንቱን አላጣም። ልዩነቱ ከሳሿ በሽተኛዋ ራሷ መሆኗ ላይ ነው። የአንድሮጄል ዕርቅ ርካሹን መድኃኒት አዘገየ፤ የሄዝል ታው ዕርቅ አመጣው። በዚያው በ2003 በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የተጀመረው በክፍያ እንደነበርና በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 መሆኑን ያስታወሰ ሁሉ የእያንዳንዱ ወር መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመካከለኛውን ዓይነት ደግሞ በሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት በሶፎስቡቪር እናየዋለን። ጊሊያድ በ2014 ለሕንድ ጄኔሪክ አምራቾች በ91 አገሮች እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጠ። ፓተንቱን በሕንድ ሲቃወም የነበረው ናትኮም በመጋቢት 2015 ፈቃዱን ፈርሞ ገባ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረች፤ ስለዚህ ተጠቅመናል፤ ይህን መካድ አይገባም። ታይላንድና ብራዚል ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን መስመር ያሰመረው ባለ ፓተንቱ ነው።

መስመሩን መንግሥታት ራሳቸው ማስመር እንደሚችሉ የታወጀው ከሱቅ ዋቂፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የባሕሩ ዳርቻ ሌላኛው ጫፍ ላይ ባለው በሸራተን ሆቴል ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ኅዳር 14 ቀን 2001 ባወጡት የዶሃ መግለጫ የፓተንት ስምምነቱ አገሮች የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ፣ የግዴታ ፈቃድ የሚሰጡበትንም ምክንያት ራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው አረጋገጡ። በዕድገት ወደኋላ የቀሩ አባል አገሮች የመድኃኒት ፓተንት እንዳይገደዱ የተሰጠው ጊዜም መጀመሪያ እስከ 2016 ነበር፤ በ2015 እስከ 2033 ተራዘመ። ኢትዮጵያ ወደ ድርጅቱ ለመግባት በ2003 አመልክታ ለብዙ ዓመታት ስትደራደር ቆይታለች። በእንዲህ ያለ ድርድር ደግሞ አመልካች አገር አባል ከሆኑት የበለጠ ግዴታ እንድትገባ ልትጠየቅ ትችላለች።

የራሳችን ሕግ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ነው። አዋጁ ፓተንትን ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ብቻ 5 ዓመት ይጨምራል። ሰውን የማከሚያ ዘዴ ፓተንት እንዳይሆን ያግዳል። የሕዝብ ጥቅም፣ በተለይም ጤና፣ ሲያስገድድ ባለ ፓተንቱ ባይፈቅድም ተገቢ ክፍያ ተሰጥቶት ፈጠራው ሥራ ላይ እንዲውል ይፈቅዳል። በውጭ አገር ፓተንት ያለውን ነገር በአገር ውስጥ ለሚሠራም «የአስገቢ ፓተንት» የሚባል አለው። ሄዝል ታው የተጠቀመችበት መንገድ ግን ከፓተንት ሕግ ሳይሆን ከውድድር ሕግ የተገኘ ነው። በዚህ በኩል የሚጠናው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሲሆን፣ ተፎካካሪ ነጋዴዎች ዋጋ እንዳይወስኑና ገበያ እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። አሜሪካ በ2003 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለ የመድኃኒት ዕርቅ ሁሉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥት እንዲቀርብ ግድ አድርጋለች።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የሕግ ተማሪዎች ሁለቱን አዋጆች ይዘው ይምጡ፤ ከአዋጅ 123 ስለ ግዴታ ፈቃድ፣ ከአዋጅ 813 ስለ ተፎካካሪዎች ስምምነት የሚናገሩትን አንቀጾች ጎን ለጎን እናነባለን። የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አሥሩን መርጠው የትኞቹ እስካሁን ፓተንት እንዳለባቸው፣ በየትኛውስ አገር እንደሆነ ዘርዝረው ያቅርቡ።