ዓሣ ነባሪው ምን በላ?

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንላለን። የዓሣ ነባሪን ሆድ ምሥጢር የሚያወጣውስ ምንድን ነው? እኛም መልሱን ስንሰማ መጀመሪያ አልዋጥልን ብሎ ነበር።

በአላስካ አጠገብ ባሉት ባሕሮች ጥርስ የሌለው ትልቅ ዓሣ ነባሪ ይኖራል። በጥርስ ፈንታ ከላይኛው ድዱ ሰሌዳ የመሰሉ ረጃጅም ነገሮች ተንጠልጥለዋል። እንደ ወንፊት ውሃውን አሳልፈው ደቃቅ እንስሳትን ያስቀራሉ። እንደ ጥፍራችን ከሥራቸው ያድጋሉ፤ የሚሠሩትም ከሚበላው ምግብ ነው።

በምግብ ውስጥ ካርቦን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካርቦን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ እነዚህ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ከ100 አንድ ያህሉ ከባዱ ነው። ሁለቱም ዘመን ቢቆጠር አይለወጡም። በቤሪንግ ባሕር ምግብ ከባዱ በዛ ይላል፤ በቦፎርት ባሕር ግን ያንሳል።

በ1989 እ.ኤ.አ. የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰሌዳውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በየቦታው እየቆነጠሩ የለኩትን ውጤት አወጡ። የከባዱ ካርቦን መጠን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ከፍታና ዝቅታ የአንድ ዓመት ጉዞ ነው፤ በብርድ ወራት ቤሪንግ፣ በሙቀት ወራት ቦፎርት። እንስሳው በአንዱ ባሕር ብቻ እንደማይመገብ በዚህ ታወቀ።

ታዲያ ይህ ማንን ይጠቅማል? የአገሩ ተወላጆች ኢኑፒያቶች ከጥንት ጀምሮ ይህን እንስሳ አድነው ይመገባሉ። ባሕሩ ለነዳጅ ሲቆፈር የትኛው መሰማሪያ መጠበቅ እንዳለበት መታወቅ አለበት። የበጋውን ግጦሽ ጠብቆ የክረምቱን ያበላሸ ከብቱን እንደሚያጣ ገበሬው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ በሰሌዳው ላይ አምስት ከፍታና ዝቅታ ቢገኝ የስንት ዓመት ታሪክ ነው?