በብርድ አገር ፌሮን በኤፖክሲ ስለ መትከል

በቆየ አርማታ ላይ አዲስ ምሶሶ ወይም ደረጃ መጨመር ሲያስፈልግ፥ ኮንክሪቱ ይሰረሰርና ፌሮው ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ይተከላል። ይህንም የመረጥሁት ባለፈው ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን በአጎቴ ግቢ ካየሁት ነገር የተነሣ ነው።

ሠራተኛው ስድስት ፌሮዎች ጥላ በማይለየው ግድግዳ ላይ ተከለ። ከሙጫውም ጥቂት በጣውላ ላይ ጨምቆ ለምልክት ወደ ቤት አስገባው። በማግሥቱ የጣውላው ሙጫ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስላገኘው ሥራው አልቋል አለ። አጎቴ ግን አንዱን ፌሮ ቢስበው፥ በብርድ የረጋ ማር የመሰለ ሙጫ አስከትሎ ወጣ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሾች፥ ይኸውም ሙጫውና ማጠንከሪያው፥ በልክ ሲቀላቀሉ በኬሚካዊ ለውጥ የሚጠነክር ነው። «ይድረቅ» እንላለን እንጂ ውሃ ተንኖለት የሚደርቅ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በግማሽ ቀን የሚጠነክረው በ5 ዲግሪ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጣውላው ሙጫ ያደረው ከምድጃው አጠገብ ነው፤ የፌሮው ግን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ በጠጣ ኮንክሪት ውስጥ። ስለዚህ የሚለካው የኮንክሪቱ ሙቀት ነው እንጂ የቀትሩ አየር አይደለም።

ብርድ ሌላም ጉዳት አለው። ሙጫው ስለሚወፍር ከማጠንከሪያው ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ ቀዳዳውንም ሳይሞላ አየር ይቋጥራል። ስለዚህ ቱቦው በሞቀ ክፍል ማደር ይገባዋል። በቀዳዳው ውስጥ ውርጭ ካለ ሙጫው የሚይዘው በረዶውን ነው፤ በረዶውም ሲቀልጥ መያዣው ይላቀቃል። አቧራም እንዲሁ ነውና ቀዳዳው ይነፋል፥ በብሩሽ ይታሻል፥ እንደ ገና ይነፋል። (ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይንቀዋል።)

ብርድ የሚያስቸኩለው ሰው ፈጥኖ የሚጠነክር ሙጫ መፈለጉ አይቀርም። ነገር ግን ፍጥነትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአንድ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ጣራው የተንጠለጠለው ፈጥኖ በሚጠነክር ኤፖክሲ በተተከሉ ብሎኖች ነበር። ሐምሌ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ከባድ የኮንክሪት ሰሌዳዎች በአንዲት መኪና ላይ ወድቀው አንዲት ሴት ሞተች። ጥፋቱ የብርድ አልነበረም፤ መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት ያ ዓይነት ሙጫ ዘወትር በሚጎትተው ክብደት ቀስ በቀስ ይለቅ ነበር። ከዚያ በፊት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንዳንዶቹ ብሎኖች ሲንሸራተቱ ታይተው ነበር፤ ምክንያቱን ግን አጥብቆ የመረመረ አልነበረም።

ወደ አጎቴ ግቢ ልመለስ። ስድስቱም ፌሮዎች ተነቅለው በአጠገባቸው አዲስ ቀዳዳዎች ተሰረሰሩ። ሠራተኛው በሙጫው ማሸጊያ ላይ የታተመውን ሰንጠረዥ አንብቦ፥ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ለካ፤ ሦስት ቀንም ማንም እንዳይነካቸው በእሾህ አጠራቸው። በአራተኛው ቀን ሁለት ሆነን ብንስብ አልተነቃነቁም። የእጅ ጉተታ እውነተኛ ፈተና አይደለም፤ መሐንዲሶች የሚስቡት በጃክ ነው። አጎቴ ግን የደረጃውን ኮንክሪት በዚያው ቀን አስሞላ።