ብርሃንና ጥላ «በቅዱስ ማቴዎስ መጠራት» ሥዕል



በሮም በሚገኘው የፈረንሳውያን የቅዱስ ሉዊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1599 እና በ1600 የሣለው «የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት» ይታያል (ማቴ. 9፥9)። ቀራጮቹ በጨለማ ክፍል ገንዘብ ከበው ሳሉ፣ ጌታችን ከጴጥሮስ ጋር በስተቀኝ ገብቶ እጁን ዘርግቷል። በግድግዳው ላይ መስኮት አለ፤ ብርሃኑ የሚገባው ግን በመስኮቱ አይደለም። ከጌታችን ራስ በላይ ተነሥቶ እጁ ወደሚያመለክትበት ይወርዳል። የእርሱ አካል አብዛኛው በጥላ ተሸፍኗል፤ ቅዱሳንን ያለ ጥላ ለሚሥሉት ለጥንት ሠዓልያኖቻችን ይህ እንግዳ ነገር በሆነ ነበር።

ታዲያ ማቴዎስ ማን ነው? ብዙዎች ወደ ደረቱ የሚጠቁመው ጢማሙ ሰው ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጣቱ የሚጠቁመው በጠረጴዛው ጫፍ አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም ወደሚቆጥረው ወጣት ነው ባዮች ናቸው። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ፤ ብርሃኑ የጢማሙን ፊት አግኝቶታልና። ሆኖም ቀኝ እጁ ገና ከገንዘቡ አልተነሣም። ወጣቱማ ከነጭራሹ ቀና አላለም።

መምህራን ሆይ፣ ሥዕሉን ለልጆች ስታሳዩ ማቴዎስን ለመለየት አታስቸኩሏቸው፤ በመጀመሪያ ያንን ወጣት ይመልከቱት።