ሞላር እርግዝና፦ የዘረመል መዛባቱና ተከትሎት የሚመጣው የካንሰር ስጋት

ጤናማ ፅንስ ከእናቱ 23፣ ከአባቱም 23 ክሮሞዞሞችን ይወርሳል። ይህ ሚዛን ሲዛባ ከሚከሰቱት የጤና ችግሮች አንዱ ሞላር እርግዝና ነው። በማህፀን ውስጥ ፅንስ በማደግ ፋንታ የእንግዴ ልጅ ህዋሳት ያለ ልክ ይራባሉ፤ ውሃ ቋጥረውም የወይን ዘለላ ይመስላሉ። የደም መፍሰስ፣ ከባድ ማስመለስ እና ከእርግዝናው ዕድሜ በላይ የገፋ ማህፀን ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ።

ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ ሞላር በሚባለው፣ የእናት ክሮሞዞሞች የሌሉበትን እንቁላል አንድ የወንድ ዘር ገብቶ ራሱን ያባዛል፤ አልያም ሁለት የወንድ ዘሮች በአንድነት ይገቡበታል። ክሮሞዞሞቹ 46 ቢሆኑም ሁሉም የአባት ናቸው። ይህን በ1977 ያረጋገጡት ካጂ እና ኦሃማ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ከፊል ሞላር በሚባለው ደግሞ ጤናማ እንቁላል ሁለት የወንድ ዘሮችን ስለሚቀበል ድምሩ 69 ይሆናል።

ቁጥሩ 46 ከሞላ ፅንሱ ለምን አያድግም? መልሱ አንዳንድ ዘረመሎች የሚሠሩት ከእናት ሲወረሱ ብቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአባት ሲወረሱ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው። በጥቅሉ የአባት ወገን የእንግዴ ልጅን እድገት ያፋጥናል፤ የእናት ወገን ይገታል። ከገቺዎቹ አንዱ ፒ57 የተባለው ፕሮቲን ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሙሉውን ሞላር ከከፊሉ የሚለዩት ይህ ፕሮቲን በህዋሳቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በመመርመር ነው።

ልዩነቱ ለታካሚዋ ትልቅ ትርጉም አለው። ሞላሩ ከማህፀን ከወጣ በኋላ ከሙሉ ሞላር ታካሚዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ የቀሩት ህዋሳት እንደገና ይራባሉ፤ በከፊል ሞላር ግን ይህ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ጥቂቶቹ ኮሪዮካርሲኖማ ወደሚባለው፣ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ሊሠራጭ ወደሚችለው ካንሰር ይለወጣሉ።

የሚያጽናናው፣ ይህ ካንሰር በኬሞቴራፒ ከሚድኑት በሽታዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ መሆኑ ነው። በ1956 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሚን ቺው ሊ እና ሮይ ኸርትዝ ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት ውጤት አሳይተዋል። ዛሬ በጊዜ የተደረሰባቸው ታካሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ።

አብዛኛው ሞላር እርግዝና በፅንሰት ወቅት በአጋጣሚ የሚፈጠር እንጂ በዘር የሚተላለፍ አይደለም፤ እናት ሠርታ ወይም ሳትሠራ የቀረችው ነገር ያመጣው ጥፋትም አይደለም። ዳግም የመከሰት ዕድሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም ሞላር በተደጋጋሚ የሚያጋጥማቸው ጥቂት ሴቶች አሉ። በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከእነዚህ በብዙዎቹ ዘንድ ኤንኤልአርፒ7 የተባለው ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ መሆናቸው ታውቋል። እንዲህ ያለች ሴት የዘረመል ምክር ያስፈልጋታል፤ ከሌላ ሴት በተለገሰ እንቁላል የመውለድ ተስፋም አላት።

ለሁሉም ግን ወሳኙ ክትትል ነው። ኤችሲጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን በደም ውስጥ እየቀነሰ መሄዱ በተከታታይ ይለካል፤ መቀነሱን ካቆመ ወይም ከጨመረ ህዋሳቱ እንደገና መራባታቸውን ይጠቁማል። አዲስ እርግዝናም ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ እርግዝናን መከላከል ይመከራል። በዚህ መካከል ከአገር ወደ አገር የምትጓዝ ሴት የምርመራ ውጤቶቿን በጽሑፍ ይዛ መሄዷና ክትትሉን በደረሰችበት መቀጠሏ ሕይወቷን ሊታደግ ይችላል።