ሻንጣሽን ሳትዘጊ

ቆዪ እስቲ፣ አትዝጊው። አራት ሹራብ ምን ይሠራልሻል? የምትውዪው የመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቦታ ጥጥ ካናቴራ እንጂ ሹራብ ማን ይለብሳል! ሁለቱን አውጪና በቦታቸው በሶና ደረቅ ዝንጅብል ክተቺ። ስትስቂ አየሁሽ። ከጅቡቲ ወጥታችሁ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ስትጨርሱ ታስታውሺኛለሽ። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ዓረብ ባሕር ላይ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ይበረታል፣ ማዕበሉም እስከ መስከረም ፋታ አይሰጥም። ይሄንን ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለው ትምህርት ቤትሽ አልተማርሽውም።

ሲያጥወለውልሽ አልጋሽ ላይ ተጠቅልለሽ አትቅሪ። ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «እየተናወጥን ነው» ይላል፤ ዓይንሽ ግድግዳውን እያየ «ኧረ ቆመናል» ይላል፤ ሕመሙ የሁለቱ ጭቅጭቅ ነው። አስፈቅደሽ ደጅ ውጪና አድማሱን እዪ። ባዶ ሆድ ያብሰዋል፣ በሶውን ጥቂት ጥቂት ቅመሺ። ብዙ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለምደዋል። እኔን አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

ሰዓቱም ያምታታሻል። ጠዋት በስምንት ሰዓት ሥራ ግቢ ካሉሽ የኛ 2 ሰዓት ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ሰዓቱ በየጥቂት ቀኑ ወደፊት ይገፋል፤ ቻይና እስክትደርሱ 5 ሰዓት ይሄዳል፣ የሚሄደውም ከእንቅልፍሽ ነው። በዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል። ያላረፍሽውን አርፌያለሁ ብለሽ እንዳትፈርሚ።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። እኔ የምፈራልሽ ይሉኝታሽን ነው። እማዬ ያሳደገችን ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍተን «እሺ» እንድንል ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ አለቃዬ በሞተሩ ጩኸት መሐል አንድ ቫልቭ እንድዘጋ አዘዘኝ። ግማሹን ሳልሰማ እሺ አልኩና ሌላውን ዘጋሁት። የማቀዝቀዣው ውኃ ግፊት ወረደ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። መርከቡ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ የሰውየውን ዓይን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የታዘዝኩትን የቫልቭ ቁጥር ጠርቼ መልሼ እደግምለታለሁ። ካልሰማሽ ሦስቴም ቢሆን ጠይቂ። ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

ርኅራኄሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተዘጋ ታንክ ውስጥ ጓደኛሽ ወድቆ ብታዪ ሮጠሽ እንዳትገቢ! ዝገት ብቻውን እዚያ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል፤ አየሩ አይሸትም፣ አያስልም፣ ጉልበትሽ ሲከዳሽ ነው የምታውቂው። ደኅና አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። መለኪያው ያን ካላሳየ ወይም የመግቢያው ፈቃድ ካልተፈረመ ዋና መሐንዲሱ ራሱ ቢያዝሽም እምቢ በዪ። ያንቺ እርዳታ የታንኩ አፍ ላይ ቆሞ መጮህና ደወል መደወል ነው። በታንክ ከሞቱት ጥቂት የማይባሉት ሌላውን ሊያወጡ የገቡ ናቸው።

በዓለም ካሉት የባሕር ሠራተኞች ሴቶቹ ከመቶ ሁለት እንኳ አንሞላም፤ ስለዚህ መርከቡ ላይ ብቸኛዋ ሴት ልትሆኚ ትችያለሽ። ማታ በርሽን ቆልፊ። የማይሆን ንግግር ከመጣ በመጀመሪያው ቀን «አልወደድኩትም» በዪ። ካልተወሽ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ለካፒቴኑ ንገሪ። ጥፋተኛው ካፒቴኑ ራሱ ከሆነ ደግሞ ኩባንያው የብስ ላይ ያስቀመጠው ተጠሪ አለ፤ ገና ስትሳፈሪ ስልኩን ፈልገሽ ያዢ።

ከምግብ አብሳዩ ጋር ቶሎ ተግባቢ። መጾምሽን ቀድመሽ ንገሪው፤ ሥጋውን ሳህን ላይ ትተሽበት ስትነሺ ይቀየምሻል።

ለእማዬ «በየቀኑ እደውላለሁ» ብለሽ ቃል እንዳትገቢ። ኢንተርኔቱ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ስንት ቀን ድምፅሽ እንደሚጠፋ ስትነግሪያት አራት ቀን ጨምሪበት፤ ቀድመሽ ከደወልሽ እልል ትላለች። በይ ተነሺ፣ ቡናው ቀርቧል። ሹራቡን አውጪው አላልኩሽም?