በመጠመቂያው ዳር የቀረው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ዕለት የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ስለነበረችው መጠመቂያና 38 ዓመት በደዌ ስለኖረው ሰው ይተርክልናል። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ብዙዎቻችንም በዐውደ ምሕረት ቆመን አስተምረንበታል። በዚህ እትም ግን ይህን የታወቀ ወንጌል ወደ ዕለት ተዕለት ኑሯችን፣ በተለይም ካህናትና ሰበካ ጉባኤያት ወደሚመሩት የልማት አገልግሎት አቅርበን ልናነበው ወደድን። ለዚህ ያነሣሣን በክትትል ጉዞ ላይ ያየነውና እኛንም የወቀሰን አንድ ነገር ነው።

ወንጌሉ የሚያሳየን

ጌታችን ያን ሕመምተኛ ለመዳን ይወድድ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ግን አዎን ወይም አይደለም ብሎ አልመለሰም። ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ ሲመጣም ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። እስቲ በዚያ ስፍራ የነበረውንና ያልነበረውን እንለይ። መጠመቂያው ነበረ። ድውያን የሚያርፉባቸው አምስት መመላለሻዎች ነበሩ። የእግዚአብሔርም ቸርነት ከስፍራው አልተለየም። ለዚያ ሕመምተኛ የጎደለው ሰው ነበረ። ጉልበት ያለው፣ ወገን ያለው፣ የሚደግፈው ያለው ቀድሞ ይወርዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ከሁሉ ኋላ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውም ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። ሰውየው ድኖ አልጋውን ተሸክሞ በሄደ ጊዜ በሰንበት ስለ መሸከሙ የሚጠይቁት ሰዎች ወዲያው ተገኙ። ተኝቶ ሳለ የሚያወርደው አንድ ሰው ያላገኘ፣ ሲነሣ ጠያቂ አላጣም። ይህን ስናነብ በሌሎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። እኛም ሥርዓቱ መጠበቁን ለማየት የምንፈጥነውን ያህል፣ በሥርዓቱ ምክንያት የቀረ ሰው መኖሩን ለማየት እንፈጥናለንን?

ከመስክ የተማርነው

በአንዲት የገጠር አጥቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ጎልብቶ ውኃው በቧንቧ ወርዶ ለመንደሩ ቦኖ ተሠራ። በምረቃው ዕለት ካህናቱ ባረኩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ዘመሩ፣ እናቶች እልል አሉ። እኛም በሪፖርታችን የተጠቃሚዎችን ቁጥር ሞልተን ተመለስን። በቁጥሩም በአጥቢያው የሚኖር ሁሉ ተካትቶ ነበር።

ከዓመት በኋላ ለክትትል በሄድን ጊዜ ቦኖውን በደኅና አገኘነው። ቧንቧው አያንጠባጥብም፤ አጥሩ የጸና ነው፤ የመዋጮው መዝገብም በሥርዓት ተይዟል። ደስ ብሎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ በቅጥሩ አጠገብ በጎጆ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ፣ በቅል ከአሮጌው ኩሬ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ አገኘናቸው።

«እማሆይ፣ ቦኖው እያለ ስለ ምን ከዚህ ይቀዳሉ?» አልናቸው።

«ውኃውስ መጣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም» አሉን።

ነገሩን ስንመረምር ምክንያቱ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ቦኖው የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት እርሳቸው ኪዳን ላይ ናቸው። ወርኃዊው መዋጮ ለሌላው ጥቂት ቢሆንም በምጽዋት ለሚኖሩት ለእርሳቸው ከባድ ነው። ሦስተኛውም 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በእርጅና ጉልበት ያንን ዳገት ተሸክመው ሊወጡ አይችሉም። ኩሬው ግን ለጎጆአቸው ቅርብ ነው። እማሆይም በሪፖርታችን ንጹሕ ውኃ አገኙ ብለን ከቆጠርናቸው አንዷ ነበሩ።

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ የውኃ ኮሚቴውን መውቀስ ነበር። ኮሚቴው ግን ለሚያደርገው ሁሉ በቂ ምክንያት ነበረው። ቦኖው ቀኑን ሙሉ ክፍት ቢሆን ውኃው ይባክናል፤ ቧንቧውም ቶሎ ይሰበራል። መዋጮ ካልተሰበሰበ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ አይኖርም፤ የጠባቂው ደመወዝም ይቋረጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሥርዓቱን ሲያወጡ ግን ወደ ስብሰባው ሊመጡ ያልቻሉትን የጠየቀ አልነበረም። እኛም ሥርዓቱን አይተን ስናጸድቅ ይህን አልጠየቅንም። ስለዚህ ወቀሳው ከእኛ መጀመር ነበረበት።

ከካህናቱና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተቀምጠን ከተመካከርን በኋላ ቦኖው ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአንድ ሰዓት እንዲከፈት፣ መክፈል የማይችሉ በስማቸው ተለይተው ከመዋጮ ነጻ እንዲሆኑ፣ ለአረጋውያንም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተራ ውኃ እንዲያደርሱ ተወሰነ። በአጨዳ ወራት ተራው ተቋርጦ እማሆይ ለሁለት ሳምንት ዳግመኛ ወደ ኩሬው መመለሳቸውን በኋላ ሰማን። ያን ጊዜ ተራውን የሚከታተል አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል በኃላፊነት ተመደበ። በጎ ውሳኔ ራሱን በራሱ እንደማይፈጽም ከዚህ ተምረናል።

ለእኛ የቀረው ሪፖርቱን ማረም ነበር። የቀደመው ቁጥር ትክክል እንዳልነበረ መጻፍ ቀላል አልሆነልንም፤ ሥራችንን ያሳንስብናል ብለን ፈርተናል። ነገር ግን በጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ በቀትር ሐሰተኛ ቁጥር የሚጽፍ እጅ እምነቱን ከኑሮው ለይቷል። ስለዚህ አርመን ላክነው።

አገልግሎታችን የተጀመረበት

ይህን የመሰለ ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፣ በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ ግሪክኛ ከሚናገሩት ወገን የነበሩ መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተዘነጉ፤ ስለዚህም ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያት ቅሬታውን ስለ ሆድ ነው ብለው አልናቁትም፤ አጉረምራሚዎቹንም አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። የሰማዕታት መጀመሪያ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዲቁና ከተዘነጉ መበለቶች ማዕድ ጋር እንዲህ ተያይዞ መጀመሩን እኛ ዲያቆናት ሁልጊዜ ልናስበው ይገባናል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ምእመናን የጌታን ማዕድ በወርቅ ንዋያት እያስጌጡ የተራበውን ወንድም እንዳይዘነጉ አጥብቆ አስተምሯል። ቤተ መቅደስን ማስጌጥ ይቅር አላለም፤ የተራበው ግን አስቀድሞ እንዲጠግብ አዘዘ። ጾማችንም እንዲሁ ነው። ከማዕዳችን የጎደለው ወደ ድኃው ማዕድ ካልደረሰ፣ የጎደለው ከእኛ ብቻ ነው፤ የሞላለት ሰው የለም።

በየአጥቢያችን ልናደርገው የምንችለው

አንደኛ፣ የቀሩትን በስም እንወቅ። በዚህ የነፍስ አባቶች ድርሻ ታላቅ ነው። የነፍስ አባት በየቤቱ ይገባል፤ ከአልጋ የማይነሣውን፣ ከቤት የማይወጣውን፣ ጧሪ የሌለውን ያውቃል። የንስሐን ምሥጢር ፈጽሞ ሳይነካ፣ በዐይኑ ያየውን ችግር ብቻ ለሰበካ ጉባኤው ቢያመለክት ማንም መዝገብ የማይሰጠንን እናገኛለን።

ሁለተኛ፣ ሥርዓት ስናወጣ በደካማው ሰው እንመዝነው። ሰዓቱ፣ ክፍያው፣ ርቀቱና ሸክሙ ለጤነኛው ሳይሆን ለአረጋዊቱ፣ ለነፍሰ ጡሯና ለአካል ጉዳተኛው የሚቻል መሆኑን አስቀድመን እንጠይቅ። እነርሱ ወደ ስብሰባው መምጣት ካልቻሉ እኛ ወደ ደጃቸው እንሂድ።

ሦስተኛ፣ ስንረዳ ክብራቸውን እንጠብቅ። ከመዋጮ ነጻ የተደረጉትን ስም በዐውደ ምሕረት ማንበብ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ አይገባም። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን አዝዞናልና መዝገቡ በሒሳብ ሹሙና በአንድ ካህን እጅ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ እውነቱን እንጻፍ። የሰበካ ጉባኤ የሒሳብ መዝገብና የፕሮጀክት ሪፖርት የእምነታችን ምስክሮች ናቸው። ያልደረስንበትን ደርሰናል ካልን፣ የቀረውን ሰው የሚፈልገው አይኖርም፤ በወረቀት ላይ ውኃ ጠጥቷልና።

ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት የያዘ ስለሆነ ለዚህ አገልግሎት የተመቸ ነው። ካህኑ ቤቱን ያውቃል፤ ምእመኑ ሙያና ገንዘብ አለው፤ ወጣቱ ጉልበት አለው። ሦስቱ ሲተባበሩ ለመጻጉዕ የታጣው ሰው ይገኛል።

ለውይይት

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ በጸሎት ከከፈታችሁ በኋላ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ብትመካከሩ እንወዳለን፦

1. በአጥቢያችን ለሁሉ ተብሎ ከተሠራው ቦኖ፣ ወፍጮ ወይም ትምህርት ቤት የማይጠቀም ማን ነው? ምክንያቱስ ምንድር ነው?
2. በእነዚህ ሦስት ወራት ካወጣናቸው ውሳኔዎች ፈጻሚ ሳይመደብለት የቀረ አለን?
3. ከመዝገባችን ሊታረም የሚገባው ቁጥር የትኛው ነው?

ቅዳሴው ሲፈጸም ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ያሰናብታል። ያን ጊዜ ከቤተ መቅደስ ወጥተን ወደ ቤታችን የምንሄድበት መንገድ በብዙ መጠመቂያዎች ዳር ያልፋል። በዚያ የተኛውን ሰው እንድናይ፣ አይተንም እንድንቆም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።